ከጠርሙሱ እስከ ውጤት ወረቀቱ፦ በመጠጥ ውስጥ ያለ የፀረ ተባይ ቅሪት እንዴት ይታወቃል?

ሐምሌ 29 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2003) ኒው ዴልሂ የሚገኘው የሳይንስና የአካባቢ ማዕከል የተባለ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት፣ በከተማዋ ገበያ የሚሸጡ 12 ዓይነት ለስላሳ መጠጦችን በራሱ ላቦራቶሪ መርምሮ በሁሉም ውስጥ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት ማግኘቱን ይፋ አደረገ። መጠጦቹ የኮካ ኮላና የፔፕሲ ምርቶች ነበሩ። ሊንዴን፣ ዲዲቲ፣ ማላታይንና ክሎርፒሪፎስ ተገኝተው፣ የኬሚካሎቹ ድምር በአማካይ የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው ጣሪያ ከ30 ጊዜ በላይ ይበልጥ ነበር። በገበያ ላይ ሲናነቁ የኖሩት ሁለቱ ኩባንያዎች በአንድ መድረክ ጎን ለጎን ቀርበው ውጤቱን አስተባበሉ፤ የሕንድ ፓርላማ በበኩሉ መጠጦቹ በግቢው ውስጥ እንዳይቀርቡ አደረገ።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር በመጠጥ ውስጥ ስለሚገኝ የኬሚካል ቅሪት ማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ዛሬም ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። አንድ የላቦራቶሪ ቁጥር እውነት የሚሆነው ምን ሲሟላ እንደሆነ፣ «ከወሰን በላይ» ሲባል ወሰኑ የማን እንደሆነ፣ «አልተገኘም» ሲባልም ምን እንዳልተፈለገ የሚያሳይ ጉዳይ ነውና። እኛም ቡናችን በውጭ ወደብ በተመሳሳይ ምርመራ ስለተያዘብን ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ለስላሳ መጠጥ ለመርማሪ ቀላል ናሙና አይደለም። ጋዝ፣ ስኳር፣ አሲድና ቀለም አለው፤ የሚፈለገው ኬሚካል ደግሞ በማይክሮግራም የሚለካ ነው። በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ማለት አንድ ግራም ኬሚካል በ10 ሚሊዮን ሊትር ውስጥ ተበትኖ እንደማለት ነው። ይህን ያህል የሳሳ ነገር ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ከጠርሙሱ በቀጥታ ሊያየው ስለማይችል፣ አብዛኛው ድካም የሚያልቀው ናሙናውን በማዘጋጀት ላይ ነው። መርማሪው በመጀመሪያ መጠጡን እያማሰለ ጋዙን ያስወጣል። ቀጥሎ ከታች ቧንቧ ባለው የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከውሃ ጋር የማይዋሐድ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ዳይክሎሮሜቴን፣ ጨምሮ አጥብቆ ይንጠዋል። ሊንዴንና ዲዲቲ በውሃ ውስጥ መሟሟት ስለማይወዱ ወደዚያ ፈሳሽ ይሻገራሉ፤ ስኳሩና አሲዱ በውሃው ውስጥ ይቀራሉ። ዕቃው ለጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ከባዱ ዳይክሎሮሜቴን ከታች፣ መጠጡ ከላይ ሆነው ይለያያሉ፤ መርማሪው ቧንቧውን ከፍቶ የታችኛውን ብቻ ይቀዳል። የተቀዳው ፈሳሽ በሶዲየም ሰልፌት ዱቄት ላይ አልፎ የቀረችው ውሃ ከተመጠጠች በኋላ፣ በአነስተኛ ግፊት እንዲተን ይደረግና ከብዙ መቶ ሚሊ ሊትር መጠጥ የወጣው ሁሉ ወደ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ይሰበሰባል። ወደ መሣሪያው የሚገባው ከዚህም ላይ የሚወሰድ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮ ሊትር ብቻ ነው።

በዴልሂው ምርመራ ያገለገለው መሣሪያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነበር። ይህ መሣሪያ በውስጡ ብዙውን ጊዜ 30 ሜትር የሚረዝም፣ የውስጡ ስፋት ግን ከሩብ ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ቱቦ የተጠመጠመበት ምድጃ ነው። ናሙናው በሙቀት ተንኖ በጋዝ እየተገፋ በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ ኬሚካል በቱቦው ግድግዳ ላይ በሚኖረው የመያዝ ባሕርይ ምክንያት በተለያየ ደቂቃ ይወጣል። በመውጫው ላይ የተቀመጠው መመርመሪያ ደግሞ ኤሌክትሮንን የሚይዙ ቅንጣቶችን ይቆጥራል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄምስ ላቭሎክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የፈለሰፈው ይህ መመርመሪያ ክሎሪን ለተሸከሙ ኬሚካሎች እጅግ ንቁ ነው፤ የዲዲቲ ቅሪት በዓለም ዙሪያ መበተኑ የታወቀውም በአብዛኛው በእርሱ አማካይነት ነው። ውጤቱ በወረቀት ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ይወጣል፤ የተራራው ቦታ የኬሚካሉን ማንነት፣ ስፋቱም መጠኑን ይጠቁማል።

«ይጠቁማል» ማለቴ ሆን ብዬ ነው። የኩባንያዎቹ ባለሙያዎችና ሌሎችም ተቺዎች ያነሡት ዋናው ቴክኒካዊ ጥያቄ እዚህ ላይ ያርፋልና። መመርመሪያው በተወሰነ ደቂቃ ላይ ኤሌክትሮን የሚይዝ አንድ ነገር ደረሰ ይላል እንጂ የነገሩን ስም አይናገርም። ከፕላስቲክ ዕቃ የሚሟሟ ኬሚካል ወይም በራሱ በመጠጡ ውስጥ ያለ ሌላ ውህድ በዚያው ደቂቃ ቢወጣ ተራራው ያው ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ናሙናውን የተለየ ባሕርይ ባለው ሁለተኛ ቱቦ ያሳልፈዋል፤ ከዚያም የሚሻለው ደግሞ በማስ ስፔክትሮሜትር ማረጋገጥ ነው። ይህ መሣሪያ ኬሚካሉን በኤሌክትሮን ደብድቦ ይሰባብረውና የስብርባሪዎቹን ክብደት ይመዝናል። ዲዲቲ ሲሰበር 235 የሚመዝን ትልቅ ስብርባሪ ይሰጣል፤ ከአጠገቡም 237 የሚመዝን ሌላ ይታያል። በተፈጥሮ ቀላልና ከባድ ክሎሪን በታወቀ ምጣኔ ስለሚገኙ፣ ሁለት ክሎሪን ባለው በዚህ ስብርባሪ የሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛ ገደማ መሆን አለበት። ደቂቃው፣ ክብደቱና ምጣኔው ሦስቱም ሲገጥሙ መርማሪው «ዲዲቲ ነው» ብሎ ስሙን ለመፈረም የሚያስችል መሠረት ያገኛል።

የሳይንስና የአካባቢ ማዕከሉም ትችቱን ሰምቶ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከ12 ክፍለ ግዛቶች ከሚገኙ 25 ፋብሪካዎች የወጡ 57 ናሙናዎችን እንደገና ሲመረምር፣ ያገኘውን በማስ ስፔክትሮሜትር አረጋገጠ። በዚያ ዙር የቅሪቱ ድምር አማካይ በሊትር 11.85 ማይክሮግራም ሲሆን፣ ይህም የሕንድ የደረጃዎች ተቋም ለለስላሳ መጠጥ ካረቀቀው የ0.5 ወሰን 24 እጥፍ ገደማ ነበር። ከዚህ የምገነዘበው፣ ትችት ያለበት የመጀመሪያ ምርመራ ሐሰት ነው ማለት እንዳልሆነ ነው፤ ጥርጣሬው የሚፈታው በስድብ ሳይሆን በተሻለ ምርመራ ነው።

የመንግሥት ላቦራቶሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2003 ጉዳዩን መርምረው ነበር። ማይሶርና ኮልካታ የሚገኙ ሁለት ተቋማት የ12ቱን መጠጦች ናሙና ፈትሸው በ9ኙ ውስጥ ከአውሮፓው ወሰን ያለፈ ቅሪት ቢያገኙም፣ ቁጥሮቻቸው ከማዕከሉ ያነሱ ሆኑ። ይህን ልዩነት አንዳንዱ ለኩባንያዎቹ ንጽሕና፣ ሌላው ለማዕከሉ ድል ማስረጃ አድርጎ ተጠቀመበት። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተቻኩለዋል። የተመረመሩት ጠርሙሶች አንድ አልነበሩም፤ የፋብሪካው ውሃ ከቀን ቀን ይለያያል፤ ከዚህም በላይ እንዲህ ባለ ጥቃቅን መጠን ላይ ሁለት ብቁ ላቦራቶሪዎች ተመሳሳይ ናሙና ቢሰጣቸው እንኳ ጥቂት መለያየታቸው የሚጠበቅ ነው። ለዚህም ነው መርማሪዎች የሚያውቁትን መጠን ራሳቸው በንጹሕ ናሙና ላይ ጨምረው ስንቱን መልሰው እንዳገኙ የሚፈትሹት። በአውሮፓ መመሪያ መሠረት ከተጨመረው ከ70 እስከ 120 በመቶው ተመልሶ ከተገኘ ዘዴው ተቀባይነት አለው። ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ናሙናም አብሮ ይመረመራል፤ በባዶው ላይ ተራራ ከታየ ብክለቱ የመጣው ከላቦራቶሪው ከራሱ ነው። ጉዳዩን እንዲያጣራ በሻራድ ፓዋር ሰብሳቢነት የተቋቋመው የፓርላማው የጋራ ኮሚቴ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2004 ባቀረበው ሪፖርት በመጠጦቹ ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት መኖሩን በተመለከተ የማዕከሉ ግኝት ትክክል መሆኑን ተቀበለ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ፣ ከወሰን በላይ ሆነ ማለት ጤናን ይጎዳል ማለት ነው ወይ የሚለው ነው፤ በሕዝብ ዘንድ ብዙ ውዥንብር የሚፈጠረውም በዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ለእያንዳንዱ ፀረ ተባይ በሊትር 0.1፣ ለሁሉም ድምር 0.5 ማይክሮግራም ነው። ይህ ቁጥር ለአብዛኞቹ ኬሚካሎች ከመርዛማነት ስሌት የመጣ አይደለም፤ ፀረ ተባይ በውሃ ውስጥ ጨርሶ መኖር የለበትም ከሚል የጥንቃቄ አቋም ተነሥቶ፣ ለመለካት የሚቻለውን ዝቅተኛ መጠን መሠረት በማድረግ የተቀመጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንጻሩ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጠጣው ጉዳት አያስከትልም ተብሎ ከተሰላ መጠን ይነሣል፤ በእርሱ መሠረት ለሊንዴን 2፣ ለዲዲቲ 1፣ ለክሎርፒሪፎስ 30 ማይክሮግራም በሊትር ተቀምጧል።

አሁን የ2003ቱን ቁጥሮች በሁለቱ ሚዛን እንመልከታቸው። በዴልሂ የተገኘው ክሎርፒሪፎስ በአማካይ 4.2 ማይክሮግራም በሊትር ነበር። በአውሮፓው መለኪያ 42 እጥፍ ያለፈ ሲሆን፣ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ከተቀመጠው አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። ሊንዴኑ 2.1 ነበር፤ በአንደኛው 21 እጥፍ፣ በሁለተኛው ከጣሪያው በጥቂቱ ብቻ ያለፈ። የዲዲቲው 1.5 ደግሞ በሁለቱም ያለፈ ነው። «42 እጥፍ» የሚለው አርዕስት ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ብቻውን ያነበበው ሰው ክሎርፒሪፎሱን ከዲዲቲው ይልቅ አስጊ አድርጎ ይወስደዋል፤ በጤና ሚዛን ሲታይ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። ይህን ስል ጉዳዩን ማቃለሌ አይደለም። በሰውነት ስብ ውስጥ የሚከማች ኬሚካል ልጆች በየቀኑ በሚጠጡት ነገር ውስጥ መገኘት የለበትም፤ ኩባንያው ያላስገባው ቢሆን እንኳ አጣርቶ የማስወጣት ግዴታ አለበት። የማዕከሉ ሰዎች ለማነጻጸር ከአሜሪካ ያስመጧቸው የእነዚሁ ኩባንያዎች መጠጦች ቅሪት አልታየባቸውም፤ ማጣራት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ቅሪቱ ከየት መጣ ለሚለው ላቦራቶሪው መልስ የለውም። ማዕከሉ የጠቆመው ፋብሪካዎቹ የሚቀዱትን የከርሰ ምድር ውሃ ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታት በእርሻ ላይ የተረጨው ኬሚካል ወደ ጉድጓዶቹ ዘልቋል፣ የፋብሪካው የከሰል ማጣሪያም በጊዜው ካልተለወጠ ጠግቦ ያሳልፋል። ኩባንያዎቹ በበኩላቸው የስኳር ጉዳይ መሆኑን አነሡ። ይህን ለመለየት ያለው መንገድ ውሃውን ከማጣሪያው በፊትና በኋላ፣ ስኳሩን ከመጋዘን፣ መጠጡን ከጠርሙስ እየወሰዱ ለየብቻ መመርመር ብቻ ነው።

«አልተገኘም» የሚለውም ቃል እንዲሁ መመርመር ያለበት ነው። እያንዳንዱ ዘዴ ከዚያ በታች ሊለካ የማይችለው መጠን አለው፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በሪፖርቱ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህም የሚብሰው፣ ያልተፈለገ ኬሚካል ፈጽሞ አለመታየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሙኒክ የሚገኝ አንድ የአካባቢ ተቋም 14 የጀርመን ቢራዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ ግላይፎሴት የተባለውን ፀረ አረም በሊትር ከ0.46 እስከ 29.74 ማይክሮግራም አገኘ። የጀርመን የስጋት ግምገማ ተቋም አንድ ሰው ጉዳት ላይ ለመድረስ በቀን 1,000 ሊትር ገደማ መጠጣት እንደሚኖርበት ገልጾ ሕዝቡን አረጋጋ። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነጥብ ነው። ግላይፎሴት ከውሃ ስለማይለይና ስለማይተን፣ ከላይ በገለጽሁት የዲዲቲ ዘዴ ቢፈለግ ለዘለዓለም አይገኝም፤ የራሱ የተለየ ዘዴ ያስፈልገዋል። የአገራችን ገበሬ በስንዴና በጤፍ ማሳው ላይ አዘውትሮ የሚረጨው ቱፎርዲ የተባለው ፀረ አረምም እንዲሁ አሲድ ስለሆነ ልዩ አያያዝ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የቢራ ገብስ ወይም የታሸገ መጠጥ «ከፀረ ተባይ ነጻ» የሚል ወረቀት ሲቀርብለት፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዝርዝሩ ውስጥ እነማን እንደነበሩ ነው።

ወደ ቡናችን እንምጣ። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከሜይ 2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓት፣ የራሱ ወሰን ያልተቀመጠለት ማንኛውም ፀረ ተባይ በምግብ ውስጥ በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደነገገች። እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ሊንዴን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር ከወሰን በላይ ተገኙ፤ ከቡናችን ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ የነበረችው የጃፓን ገበያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተዳከመ። ቡናው በአብዛኛው በገበሬ ጓሮና በጫካ ጥላ ሥር፣ ኬሚካል ሳይነካው የሚበቅል ስለሆነ ነገሩ ለብዙዎች ግራ የሚያጋባ ነበር። በኋላ ጥርጣሬው ያረፈው በጆንያው ላይ ነው፤ ቡናው የተጫነበት ከረጢት ተበክሎ እንደነበር ተገመተ። ገበሬው ያልነካው ኬሚካል በማሸጊያና በመጋዘን በኩል ሊገባ ይችላል ማለት ነው፤ የውጤት ወረቀቱ ግን ይህን አይለይም፤ በማሳው ላይ የተረጨም ይሁን ከጆንያ የተጋባ፣ ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ነው።

ቡና ለመርማሪው ከለስላሳ መጠጥ ይልቅ ያስቸግራል። ዘይት፣ ካፌይንና ጥቁር ቀለም ሁሉ ከኬሚካሉ ጋር አብረው ይወጣሉ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ኬቸርስ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነ ሲሆን፣ የተፈጨውን ናሙና አሴቶናይትራይል በተባለ ማሟሚያ ንጦ፣ ማግኒዥየም ሰልፌትና የገበታ ጨው ጨምሮ ውሃውን ከማሟሚያው ይለያል፤ ከዚያም ቅባቱንና ቀለሙን የሚመጥጡ ዱቄቶች ይጨመራሉ። እንደ ቡና ላለ ደረቅ ናሙና መርማሪው አስቀድሞ ውሃ ጨምሮ ያርሰዋል፤ ይህ ከተዘለለ ማሟሚያው ወደ ዱቄቱ ውስጥ በሚገባ አይዘልቅምና የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል። ቀለም ለማጥራት የሚጨመረው የካርቦን ዱቄት ሲበዛ ደግሞ ጠፍጣፋ ቅርጽ ያላቸውን ፀረ ተባዮች ራሳቸውን ይወስዳል። ንጹሕ የመሰለ ናሙና ሁልጊዜ ጥሩ ናሙና አይደለም።

ጥሬው ቡና ላይ የተገኘው ወደ ስኒው ይደርሳል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2015 የጅማ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከገበያ በተገዛ ቡና ላይ 12 ኬሚካሎች ጨምረው እንደ ቤታችን አጥበው፣ ቆልተውና አፍልተው መርምረውታል። ማጠቡ ከ14.63 እስከ 57.69 በመቶ ቀነሰ፤ መቁላቱ እስከ 99.8 በመቶ አስወገደ፤ በፈላው ቡና ውስጥ ከ12ቱ አንዱም አልታየም። ለጠጪው የሚያጽናና ውጤት ነው፤ ሆኖም ኬሚካሎቹ በተመራማሪዎቹ እጅ የተጨመሩ እንጂ ከተክሉ ጋር ያደጉ ስላልነበሩ፣ ለሁሉም ሁኔታ ዋስትና አድርጎ መውሰድ አይገባም። ለላኪው ደግሞ ምንም አያቃልልለትም፤ ገዢው አገር ወሰኑን ያስቀመጠው በጥሬው ቡና ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 ወዲህ ለክሎርፒሪፎስ የፈቀደውን ወደ 0.01 ሚሊግራም በኪሎ ዝቅ ስላደረገው፣ ትናንት ያልፍ የነበረ ጭነት ዛሬ ሊመለስ ይችላል።

በአገር ውስጥ ለምንጠጣውስ? በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ኬሚካሉ ወደ አገር እንዴት እንደሚገባና እንደሚሸጥ ደንግጓል። ዲዲቲ ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለዓመታት ሲረጭ ኖሯል፤ አዳሚ ቱሉ የሚገኘው ፋብሪካም ያቀነባብረው ነበር። ዛሬ በአፈርና በውሃ ውስጥ ምን ያህሉ እንደቀረ፣ ከቀረውም አሮጌው የቱ፣ አዲሱ የቱ እንደሆነ ላቦራቶሪ መለየት ይችላል፤ ዲዲቲ ሲያረጅ ዲዲኢ ወደሚባል ኬሚካል ስለሚለወጥ፣ በአንድ ናሙና ውስጥ ዲዲቲው ከዲዲኢው በልጦ ከተገኘ አንድ ሰው በቅርብ ጊዜ ተጠቅሞበታል ማለት ነው። ይህን የሚያህል መረጃ ከአንድ ጠብታ ማውጣት እየተቻለ፣ የኢትዮጵያ ሸማች ስለሚጠጣው ነገር የሚሰማው ጭነት ከውጭ ወደብ ሲመለስ ብቻ መሆኑ ተገቢ አይደለም። ለኤክስፖርት የሚደረገው ምርመራ ለአገር ውስጡ ጠርሙስና ለቡናው፣ ለቢራ ገብሱና ለስኳሩም መደረግ ይኖርበታል፤ ውጤቱም ከነናሙናው ብዛት፣ ከነተፈለጉት ኬሚካሎች ዝርዝር፣ ከነዝቅተኛ የመለኪያ መጠኑና ላቦራቶሪው አይኤስኦ 17025 በተባለው ዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ብቃት መስፈርት አክሬዲቴሽን (የብቃት ዕውቅና) ያገኘበት ወሰን ጋር በየጊዜው መታተም አለበት፤ የዴልሂውን ማዕከል ተቺዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ስህተት ሊፈልጉበት የቻሉትም ዘዴውንና ቁጥሮቹን በግልጽ ስላወጣቸው ነው።